የወንድሜን ጉልበት ያሸሁበት ዓመት

እኔ አፌ አያርፍም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል። ከሐይቁ ዳር አሳ ስጠብስ መንገደኛው የሚወርደው ለአሳው ይሁን ምላሴን ለመስማት አይታወቅም ይሉኛል። በዚህ አፌ ከሰው ሁሉ አብልጬ የተናገርኩት ወንድሜን ነው። ዛሬ የማወራውም ስለሱ ነው፤ እስከ መጨረሻው ከቻልኩ።

ከኔ በአሥራ አንድ ዓመት ያንሳል። እናታችን እሱ ጡት ሳይጥል ስለሞተችብን ያዘልኩትም፣ ያጎረስኩትም፣ እጁን ይዤ ቁርኣን ቤት ያደረስኩትም እኔ ነኝ። "እታለም" ነው የሚለኝ። ጢም ሲያበቅል እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዐረብ አገር ሄደ። ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። የታሰረው ተፈታ፣ የተሰደደው ገባ፤ ሰዉ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ከቦ እንባውን ይጠርጋል። እኔም አሳዬን ትቼ አብሬ አለቅስ ነበር፤ የምን እንባ እንደሆነ አሁንም አይገባኝም። የዚያን ሰሞን ስልክ ደወልኩለትና "ና፣ አገር አገር ሆኗል፤ በሰው በረሃ ምን ትሠራለህ?" አልኩት።

መጣ። ባጃጅ ገዛና ውጫሌ ላይ መሥራት ጀመረ፤ ጠዋት ከገበያ ወደ መናኸሪያ፣ ከሰዓት ከመናኸሪያ ወደ ገበያ። ዓርብ ዓርብ እኔ ጋ ይመጣና የጠበስኩትን ቆሮሶ ራሱን ሳይቀር ይልጠዋል። "ና" ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አንድ በሉልኝ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የወረደው በመኸር ነው፣ ጤፉ ሳይታጨድ። የውጫሌ ሰው ነቅሎ ሲሸሽ ወንድሜ ባጃጁን ይዞ ቀድሞ መውጣት ይችል ነበር። እሱ ግን መራመድ ያልቻለውን እየጫነ ወደ ሐይቅ ማመላለስ ጀመረ። በሦስተኛው ምልልስ ከየት እንደተተኮሰ ያልታወቀ ጥይት የባጃጁን ቆርቆሮ በስቶ ቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ገባ። ከኋላው የተቀመጡት አንዲት አራስ፣ ሕፃኗና አሮጊት እናቷ ነበሩ። እነሱን ምንም አልነካቸውም። ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ሲለው በግራው ፍሬን እየረገጠ ሐይቅ ድረስ አመጣቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ደሙን ሳይ የጮህኩት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የጤና ጣቢያ ሰዎች ቁስሉን አጠቡ፣ አሰሩ። መብራት የለም፣ ራጅ የለም። እዚያ የነበረው ሐኪም "ጥይቱ ውስጥ ቀርቷል። መንገድ ሲከፈት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዱትና ይውጣለት" ብሎ ወረቀት ጻፈልን። መንገድ ግን የት አለ? በዚያ ሰሞን ሰው ከቤቱ እስከ ጎረቤቱ ለመሄድም ይፈራ ነበር። እኛ በራችንን ዘግተን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ከረምን። ቁስሉ እንደ አላህ ፈቃድ ሳያመረቅዝ ዳነ። ጉልበቱ ግን እንደ ዱላ ደርቆ ቀረ፤ አይታጠፍም።

ነገሩ ሲረጋ ከአምባሰል ግርጌ ወጌሻ አስመጣሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ የተሰበረ የሚጠግኑ፣ የወለቀ የሚመልሱ፣ እጃቸው የተመሰገነ። ጉልበቱን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና "ይህ እግር ካልታሸ ይቀራል" አሉኝ። "ለጋ ቅቤ አሙቀሽ በየቀኑ አሺው። እጠፊው፣ ዘርጊው፤ ቢጮህም እንዳትምሪው።"

"ጥይቱስ፣ አባባ?" አልኳቸው።

"ተይው። ብረት አንዴ ሥጋ ውስጥ ከበረደ ቤተኛ ነው።"

ይህንን እንኳን ወጌሻው፣ እኛም እናውቀዋለን። አጎታችን በደርግ ጊዜ የተመታውን ጥይት በጭኑ ተሸክሞ ስምንት ልጅ ወልዷል፤ ዛሬም ጥማድ ጠምዶ ያርሳል። ከቆዳው በታች እንደ ባቄላ ይንቀሳቀሳል፤ ለልጆች እያስነካ ያስቃቸዋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሽማግሌ ያልነበረበት ቤት ጥቂት ነው። ታዲያ ማን ይጠራጠራል?

ማሸት ጀመርኩ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ጥግ ሰሌን አነጥፍና እግሩን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ እንደ ልጅ ይጮህ ነበር። እኔም "አይዞህ ሆዴ፣ አብሽር" እያልኩ አጥፌ እዘረጋዋለሁ። ሲታጠፍ ውስጡ ቅርጭጭ ይላል፣ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስል። የረጋ ደም ሲሰበር ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ቅርጭጭታው በበዛ ቁጥር እጄን አጠነክራለሁ። እሱ እያማጠም ወሬ ያወራኛል፤ ስለ ዐረብ አገር ሙቀት፣ ስለ ውጫሌ ተሳፋሪ፣ እግሩ ሲድን ሊያገባት ስላሰባት የአርዲቦ ዳር ልጅ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ተቀራርበን አናውቅም። እውነቱን ልናገር? ያ ዓመት ጦርነት ባይኖርበት ኖሮ ከዕድሜዬ ሁሉ የምወደው ዓመት ነበር።

ለረመዳን በዱላ ቆመ። ለዒድ ዱላውን ጥሎ ሶላት ሜዳ በእግሩ ሄደ። እልል አልኩ፤ ወላሂ መንገድ ላይ እልል አልኩ። ወጌሻውን መርቄ አልጠግብ አልኩ። ባጃጁን አስጠግኖ ወደ ውጫሌ ሥራው ተመለሰ፤ የሚያድረው ግን እኔው ጋ ነው፣ ለምሳም ይመጣል፣ ማሸቱም አልተቋረጠም።

የደሴ መንገድ ከተከፈተ ቆይቷል። አንድ ቀን እያሸሁት "እታለም፣ ያ ሐኪም የጻፈልን ወረቀት የት አለ? ሄጄ ባስወጣውስ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ጥይቱን ነዋ።"

"አብደሃል? የሚሄድ እግር ይዘህ ለመጋዝ ልትሰጥ?" ብዬ ጮህኩበት። የዚያን ጊዜ በየሰፈሩ አንድ እግር የሌለው ጎረምሳ እናያለን፤ ሆስፒታል ከገባ ይቆርጡታል የሚለው ፍርሃት ሁላችንንም ይዞን ነበር። አጎታችንን ጠራሁት። ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ ያደረጉለትን ሰዎችም ጠየቅኩ። "ከዳነ ይተው" አሉ ሁሉም። ወንድሜ የነሱን ሳይሆን የኔን ፊት ነበር የሚያየው። እኔ ሂድ ብለው ይሄድ ነበር። አልሄደም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀቱን እንኳ የት እንዳስቀመጥኩት ረስቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ሆዱን ቁርጠት ያዘው። ወገቡን ይዞ ይጠቀለላል፤ መጸዳጃ ቢገባም አራት አምስት ቀን ምንም አይወጣውም። "ጫት ነው!" አልኩት። ዐረብ አገር የተወውን ጫት ባጃጅ ላይ እንደገና ጀምሮት ነበር። ፊቱ ነጣ፣ አመድ መሰለ። "ጫት ነው፣ እህል አትበላም!" ድዱ ጥርሱ ሥር ጠቆረ፤ ጥቁር ሰማያዊ ክር የተሰፋበት ይመስላል። "ይኸው! እይ መስታወት! ጫት አፍህን አበሰበሰው፤ ያቺ ልጅ በምን አፍህ ልትስምህ ነው?" ደንግጦ ጫቱን ጣለ። ድዱ ግን እንደጠቆረ ቀረ። እኔ ደግሞ በድብቅ ይቅማል ብዬ ኪሱን እፈትሽ ጀመር።

ከዚያ መርሳት። ለሐይቅ ገበያ የተነሳች ሴት ጭኖ በተቃራኒው መንገድ መርሳ ከተማ ድረስ ወስዷት ተሰድቦ ተመለሰ። የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል፤ የእጁ አንጓ ይዝልበታል። ሰው ሲያወራው ይቆጣል፣ ወዲያው ያለቅሳል። የጦርነቱ ድንጋጤ ነው አሉ። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ ከሐይቁ ገዳም ጸበል አመጣችለት፣ እኛም ዱዓውን አልተውንም፤ በእኛ አገር ለበሽተኛ የማይደረግ የለም። እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ቀን ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲሰብር አፌ አመለጠኝ።

"ስንፍና ነው እንጂ አንተ ምንም አልሆንክም! አንዴ አራስ አተረፍኩ ብለህ ዕድሜ ልክህን ልትጦር ነው እንዴ?"

ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን በዚያ በዛለ እጁ መልቀም ጀመረ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህንን ሳስብ ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ከምሳ በኋላ ግን ሰሌኑ ላይ ቁጭ አልን። ተቀያይመንም ማሸቱ አይቀርም ነበር። ጉልበቱ በዚያ ሰሞን እንደገና አብጦ ነበርና "ትንሽ ስለቀነስኩ ነው" ብዬ በቀን አንዴ የነበረውን ሁለቴ አደረግኩት። ጠዋትም፣ ከሰዓትም። ይህንን ስንተኛ ትሉልኛላችሁ? እኔ መቁጠሩን ትቻለሁ።

በመጨረሻ ውጫሌ መናኸሪያ ውስጥ መሪ ላይ ወደቀ፤ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ደሴ ወሰድነው። የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት፤ ድምፅዋ አይሰማም፣ ዓይኗን ግን ምንም አያልፈውም። ገና ስታየው ከንፈሩን ገልባ ድዱን አየች።

"ጫት ነው" አልኳት ቀድሜ።

"አይደለም" አለችኝ። "የቆየ ጥይት አለበት?"

ራጅ ተነሳ። ሰሌዳው ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። እኔ አንድ ጥይት ተጋድሞ አያለሁ ብዬ ነበር። ጥይት የለም። የጥይቱ ሽፋን ተቀዶ ውስጡ ደቅቋል፤ የጉልበቱን ውስጥ ግድግዳ ዙሪያውን ነጭ አድርጎ ቀብቶታል፣ ኖራ የተለሰነ ቤት ነው የሚመስለው።

"ይህ ሁሉ እርሳስ ነው" አለች።

እርሳስ አውቃለሁ። የሐይቁ አሳ አጥማጆች መረባቸው እንዲሰምጥ የሚያንጠለጥሉት እሱን ነው። "ዶክተር፣ እርሳስ እኮ ዓመት ሙሉ ሐይቅ ውስጥ ተኝቶ ያው ራሱ ነው የሚወጣው" አልኳት። ስከራከር አያችሁ? ወንድሜ አልጋ ላይ ተኝቶ እኔ እከራከራለሁ።

አልተቆጣችኝም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። "የጉልበት ውኃ የሐይቅ ውኃ አይደለም፣ እህቴ" አለችኝ። መገጣጠሚያውን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ እርሳስን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። የሟሟው ወደ ደም ይገባል፤ ሆዱን የቆረጠው፣ ድዱን ያጠቆረው፣ መርሳቱም የእጁ መዛልም ከሱ ነው። ከደም አጥንት ይቀበለዋል፤ የራሱ ማዕድን መስሎት ይወስደዋል፣ ያስቀምጠዋል። ዓመታት ያስቀምጠዋል። ሰው ሲታመም፣ ሲከሳ፣ አልጋ ላይ ሲውል ያስቀመጠውን መልሶ ወደ ደሙ ይለቀዋል። አጎታችንን ባነሳባት፣ የአጎታችሁ ጥይት ጭን ሥጋ ውስጥ ነው፣ ሥጋው እንደ ከረጢት ሸፍኖታል፤ ጉልበት ውስጥ የገባ ግን የሚሸፍነው የለም፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፈጫል አለችኝ።

ይፈጫል ስትል እጆቼን አየኋቸው። የወፍጮው ድምፅ በጆሮዬ መጣ።

"ይህ ግን ለአንድ ዓመት ተኩል በጣም በዝቷል" አለች ወደ ራጁ እያየች። "ጉልበቱ ይታሽ ነበር? የሚያሸው ማነው?"

"ራሴ ነኝ" አለ ወንድሜ ከአልጋው። የሰው ስም የሚጠፋበት ልጅ ያንን ለመዋሸት ቃል አልጠፋበትም።

"ውሸቱን ነው" አልኩ። "እኔ ነኝ። በየቀኑ። በኋላ በቀን ሁለቴ።"

ዶክተሯ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስትወጣ ወንድሜ የዛለ እጁን ወደኔ ዘርግቶ "እታለም፣ አንቺ ባታሺኝ መቼ እነሳ ነበር?" አለኝ። እኔ ደግሞ "ዝም በል፣ ተኛ" ብዬ ተቆጣሁት።

እርሳሱን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ ጉልበቱ ከመከፈቱ በፊት መጀመር አለበት አሉን። ደሴ የለም። አዲስ አበባም ተጠየቀ፣ የለም፤ ከውጭ ይምጣ ተባለ። በዚህ መሃል አንደኛው ጦርነት አለቀ ሲባል ሌላው ተነሳ፤ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፣ ስልኩም እንደዚያው። አሥራ ስምንት ቀን ጠበቅን። አጥንቱ እንደተባለው ይለቃል፤ እሱ ደግሞ እየከሳ፣ አልጋ ላይ እየዋለ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዶክተሯ ምንጩ ካልተነቀለ ከዚህ በላይ መጠበቅ አንችልም ብላ ቀዶ ሕክምና አስገባችው። ያወጡትን አሳየችኝ፤ ከጉልበቱ የተላጠው ሥጋ የከሰል ዱቄት የተቀባ ይመስል ነበር። እግሩን አልቆረጡትም። አንድ ዓመት ሙሉ የፈራሁት መጋዝ አጠገቡም አልደረሰ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ነቃ ብሎ አገኘሁት። ዓይኑ ጠርቷል፣ ስሜን ጠራኝ፣ ያመጣሁለትን የአሳ ሾርባ ሁለት ማንኪያ ቀመሰ። ፀሐይ በመስኮቱ አልጋው ላይ ወድቃ ነበር። እግሩን ከጋቢው አወጣና ቀስ ብሎ ወደኔ ገፋው።

"ጠዝጥዞኛል። ትንሽ አታሺልኝም?"

ወደኋላ አልኩ። እጄን ጀርባዬ ላይ ደበቅኩት፣ እንደ ሌባ። "አይሆንም" አልኩት።

"ቁስሉን እኮ አይደለም። ከበላዩ፣ ጭኔን። በመዳፍሽ ብቻ።"

"አይሆንም አልኩህ! ዶክተሯ ከልክላለች።"

ዶክተሯ አልከለከለችም። አልጠየቅኳትም። እጄን ፈርቼው ነው፤ ይህ እጅ ከነካው ይሞትብኛል ብዬ ነው። እሱ ግን የተረዳው ሌላ ይመስለኛል። ፊቴን ትንሽ አየና "ደክሞሻል፤ እስከ መቼ ትጦሪኛለሽ፣ እውነትሽን ነው" አለኝ። ብርጭቆው የተሰበረ ቀን የተናገርኩትን አስታወሰ መሰለኝ፤ ሁሉን ሲረሳ ያንን አልረሳውም ነበር። ጉልበቱን በራሱ እጅ ሊያሽ ሞከረ፤ አንጓው አልታዘዝ አለው። ጋቢውን ጎትቶ ሸፈነው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ እንደገና አንቀጠቀጠው፤ አልተመለሰም። ሐይቅ አምጥተን ቀበርነው። ያቺ አራስ ልጇን አዝላ ለቅሶ መጥታ ነበር፤ ልጁ በእግሩ ይሄዳል፣ ከድንኳኑ ወጥቶ እየገባ ያስቸግራታል።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ደሴ ተመለስኩና ዶክተሯን አገኘኋት። ዕቃ ረስቼ ነው ብዬ ነበር የገባሁት። ቆሜ ቆሜ በመጨረሻ ጠየቅኳት፤ በዚያች በአራተኛው ቀን እንደለመነኝ ባሸው ኖሮ ይጎዳው ነበር ወይ አልኳት። አዎ በይኝ፣ በአላህ አዎ በይኝ እያልኩ አፏን አፏን አያለሁ።

እሷ ለምን እንደምጠይቃት አልገባትም፤ ልታጽናናኝ ነው የመሰላት።

"ብረቱ ከወጣ በኋላማ ምን ይጎዳዋል፣ እህቴ?" አለችኝ። "እንዲያውም ቀለል ይለው ነበር።"